ለእቴቴ የገዛሁት ሻሽ

እርጥብ ጥቁር ጨርቅ የጋለ ካውያ ሲነካው የሚወጣው እንፋሎት አፍንጫዬ ከገባ እጄ ደርቆ ይቀራል፣ ጨርቁን እስካሳርር ድረስ። ዛሬም ለጥቂት ነው የተረፍኩት። የአሠሪዬ የማዳም እናት ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ዶሃ አል ገራፋ ያለው ቤታቸው በለቀስተኛ ሴቶች ተሞልቷል፣ እኔም ከኩሽናው ጀርባ ባለችው የልብስ ክፍል ቆሜ ስምንት አባያ ተራ በተራ እተኩሳለሁ። ከሳሎኑ ግን ድምፅ የለም። ሴቶቹ ይገባሉ፣ ማዳምን ይስማሉ፣ ቀስ ብለው ያወራሉ፣ ቴምር ቀምሰው ይወጣሉ። እንባ አለ፤ ደረት መድቃት የለም፣ ከመካከል ተነሥታ አሮጊቷ ምን ይወዱ እንደነበር ጮክ ብላ የምትናገር ሴት የለችም። እምነታቸው እንዲያ ነው፣ እኔም አከብራለሁ። ግን እቴቴ የሺ ይህን ብታይ ኖሮ በሩ ላይ ቆማ፣ “ምነው እናንተዬ፣ ቤት ተሳሳትኩ እንዴ?” ማለቷ አይቀርም ነበር።

እቴቴ የሺ አክስቴ ናት። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ስትሞትብኝ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሥራዋም አልቃሽነት ነበር። ሰው የሞተበት ቤት ትጠራለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባለች፣ ሙሾ ታወርዳለች፣ እንባው እምቢ ያለውን ሰው ሁሉ ታስለቅሳለች። ያች አንዲት ጥቁር ቀሚሷ በደጋው ዝናብ ርሳ በሰው ቤት እሳት ዳር ስትደርቅ የምትሸተው ሽታ ነው ዛሬ ከማዳም አባያ የሚወጣው። እኔ ያን ሽታ እየማግሁ፣ እቅፏ ሥር ተወሽቄ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ነው ያደግሁት። አዎ፣ ንፍሮ! ሰው ሞተ ሲባል ሌላው “እኔን!” ሲል እኔ በሆዴ፣ ንፍሮው ባቄላ ይሆን ስንዴ እል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልጅ ነበርኩ።

በቀደም የማዳም ትልቋ ልጅ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣችና፣ “ማርያም፣ አገርሽ!” አለችኝ። ትርንጎ የሚለው ስሜ ስለከበዳቸው ገና የገባሁ ቀን ነው ማርያም ያሉኝ፤ መቼም የከፋ ስም አይደለም ብዬ ተቀበልኩ። ስልኳ ላይ ጎብኚዎች ጠዋት የጎንደርን ግንብ ሲዞሩ፣ ከሰዓት ደግሞ በመኪና ወደ ተራራው ወጥተው መንደሮቹንና ጭላዳ ዝንጀሮውን ፎቶ ሲያነሱ አየሁ። እኔና እቴቴም የምንሄደው በዚያው መንገድ ነበር፤ ግንቡ ለእኛ የጓሮ አጥር ነው፣ ከሥሩ በርበሬ አስጥተን ዶሮ እንጠብቅበታለን፣ ከግንቡ አጠገብ ካለው ጥድ ሥር ተነሥተን፣ በወለቃ አልፈን፣ መኪና ከተገኘ በእህል ጫኝ መኪና፣ ካልተገኘም በእግራችን ዳገቱን ተያይዘን ኮሶዬ እንወጣለን። እዚያ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ፊትን ያጥባል፣ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፣ እቴቴ የሱፍ ባናዋን በግማሹ ታለብሰኝና እንደ አንድ ሰው ሆነን እንጓዛለን። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እነሱ ለማየት ሄዱ፣ እኛ ለለቅሶ ነበር የምንሄደው።

አልቅሺልኝ ብሎ የጠራት ሁሉ ሐዘንተኛ ትመስለዋለች እንጂ እንደ እቴቴ ያለ ሳቂታ አላየሁም። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ትለክፋለች፣ አህያ ነጂውን “ከሁለታችሁ ማን ነው የሚነዳው?” ትለዋለች፣ ካህኑን ሳይቀር ታስቃለች። መንደሩ ሊገባ አንድ ዳገት ሲቀር ግን ዋርካም ሆነ ድንጋይ ፈልጋ ትቀመጥና የመንገዱን ሰው መጠየቅ ትጀምራለች። ሟቹ የበሬው ስም ማን ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? ከማን ተጣልቶ ነበር? ምን ሳይበላ አይተኛም? ደግ ነበር፣ ጀግና ነበር የሚሏትን አትሰማም፤ “ደግ ያልሆነ ሬሳ አይቼ አላውቅም” ትላለች። ፊደል አልቆጠረችምና የሚነገራትን ሁሉ የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ሙሾው መካከል ጎንበስ ብላ “በሬው?” ትለኛለች፣ እኔም በጆሮዋ እነግራታለሁ።

አንድ ጊዜ ታዲያ ጉድ ሠራሁ። በአንድ ሳምንት ሁለት ለቅሶ ሄደን የሰማሁት ስም ሁሉ ተምታቶብኝ፣ “ዳመና” የሚባል በሬ ስም ሰጠኋት፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዳመና ጌታህ ሞተ እያለች አወረደችው። ለቅሶው ቀጥ አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዳመና ለካ ሟቹ ሰብሌን በላ ብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ የከሰሱት የጎረቤት በሬ ነው! እቴቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝና ሳትደናገጥ፣ ዳመናም ይቅር ብሏል፣ ባለቤቱስ ምን ይጠብቃል ብላ ቀጠለችው፤ ያ ለዓመታት እግሩ ያን ደጅ ረግጦ የማያውቅ ጎረቤት ከሰው መካከል እየጮኸ ወጥቶ መሬት ላይ ተደፋ። ስንመለስ ስቃ ልትሞት ነበር፣ እኔ ግን የቆነጠጠችኝ ምልክት ሳምንት ሙሉ አልጠፋልኝም።

ከሁሉ ግን የማልረሳው እንጉዳይ የምትባል ልጅ ያገኘንበትን ቀን ነው። አንዲት እናት ከኮሶዬ ወዲያ ባለ ገደል አፋፍ መንደር ሞተው ተቀብረው፣ ለሣልስቱ እየሄድን ነው። መኪናው አውርዶን እግር መንገዱን ስንጀምር አንዲት ወጣት ሴት ከኋላችን ደረሰችብን፤ ጎንደር በሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ ከገባች ሁለት ዓመቷ፣ አሁን ፈቃድ አግኝታ እናቷን ልታይ እየበረረች ነው። በፌስታል የጠቀለለችውን ፈታ አረንጓዴ ሻሽ አሳየችን፤ እናቷ ራሷን በእራፊ ጨርቅ እንደምታስርና ይህን ስታይ እንደምትጮህ ነገረችን። የመንደሯንና የእናቷን ስም ስትጠራ ቀና ብዬ እቴቴን አየኋት። የምንሄደው ለእሷ እናት ለቅሶ ነበር። መርዶ ሊነግራት ወደ ከተማ የሄደው ሰው በመንገድ ተላልፏታል ማለት ነው።

አፌን ስከፍት እቴቴ በባናው ሥር እጄን ጨመቀችው። ከዚያ በመንገዱ የሚያልፍ የመንደሩን አህያ ነጂ በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ፊት ላከችው፣ እሱም ገብቶት አህያውን እየደበደበ ቀደመን። እኛ ቀስ አልን። እቴቴ ጉልበቴን አመመኝ እያለች በየድንጋዩ ትቀመጣለች፣ እየቀለደች ልጅቱን ታስቃታለች፣ እንደ ዋዛ ደግሞ “እናትሽ ግን እንዴት ያለች ናት?” ትላታለች። እንጉዳይም እየሳቀች ነገረችን። ላሟን ልጄ፣ ልጇን ላሜ እያለች እንደምትጠራ፣ መብረቅ ስለምትፈራ ዝናብ ሲመጣ ሌማት ደፍታ ከሥሩ እንደምትደበቅ፣ እርምጃ ሰምታ ብቻ “ላሜ መጣች” እንደምትል። እኔ እያንዳንዱን ቃል ያዝኩ፤ መያዝ ሥራዬ ነው። እየሳቀች የሰጠችንን እያስለቀስን ልንመልስላት መሆኑን ሳስበው ግን የዚያን ቀን ንፍሮውንም ረሳሁት።

መንደሩ አፋፍ ላይ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። እንጉዳይ አየችና ቆመች፣ “ማን ነው?” አለች፣ ወዲያው አራት ሴቶች ከግራና ከቀኝ ደግፈው ያዟት። ያን ጊዜ ነው እቴቴ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው።

ልጅሽ ከከተማ ሻሽ ገዝታ መጥታለች፣
ራስሽን ደብቀሽ ማን ላይ ታስረዋለች?

ስንመለስ፣ “እቴቴ፣ ዋሸሻት እኮ” አልኳት። ባናውን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። በኋላ፣ “ብቻውን ለቆመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ልጄ። መጀመሪያ የሚይዘው ክንድ ይፈለጋል፣ ቃሉ ከዚያ በኋላ ነው” አለችኝ። እኔም ያዝኩት፤ አልኩ እኮ፣ መያዝ ሥራዬ ነበር።

ዶሃ ከመጣሁ ወዲህ ሹግሌ፣ ሥራዬ ማለቴ ነው፣ አልቆ ክፍሌ ስገባ በየሳምንቱ ለእቴቴ ድምፄን ቀድቼ እልክላታለሁ፤ ልጇ ደሴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል፣ እሷም ትመልስልኛለች፣ ስልኩ የማይሰማ ይመስል እየጮኸች። አምና አንድ ሰሞን መልሷ ቀረ። ደሴ ጉንፋን ነው አለኝ። ቀጥሎ ጠበል ሄዳለች አለኝ። በሦስተኛው፣ “ጥርሷን አሟት መናገር አቃታት” አለኝ። ወይ ደሴ! እቴቴ የመጨረሻ ጥርሷ ከወለቀ ስንት ዘመኑ! ስልኩን እንደያዝኩ ከታጠበው ልብስ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ግን አላቆመም፣ “ዓርብ ትወጫለሽ? ከነማን ጋር ነሽ? ቅርብሽ ማን ናት?” ይለኛል። ለቀባሪ አረዱት ይሉ የለ፤ የአልቃሽ ልጅ ይህን ጥያቄ አታውቀውም ብሎ ነው? የሚይዘኝን ክንድ እየፈለገልኝ ነበር፤ የጓደኛዬን ስልክ ሰጠሁት።

አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው መናገሩ ነው፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ፤ ያልተነገረ ሞት ደግሞ ለጊዜውም ቢሆን ሞት አይደለም። እንዲያውም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “እቴቴ፣ ጥርስሽ ተሻለሽ?” ብዬ ድምፄን ላክሁ። ሁለቴ ላክሁ። ከዚያ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ሹግሌ።

በመጣው ዓርብ ብርቄ ከበር ቆማ ጠበቀችኝ። ብርቄ አል ዱሃይል ሰፈር የምትሠራ ጓደኛዬ ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሁልጊዜ የምታረፍድ፤ አንድም ቀን መጥታ ወስዳኝ አታውቅም። ያን ቀን ቦርሳዬን ከእጄ ነጥቃ ያዘችልኝ፣ አውቶቡስ ላይ ቀለደች፣ ሜትሮ ውስጥ ሳቀች፣ ሳቋ ግን አፏ ላይ ብቻ ነው። ወደ ሙሸይሪብ ጣቢያ ስንቃረብ መስኮቱን እያየች፣ “አክስትሽ ግን እንዴት ያለች ናት?” አለችኝ። ቦርሳው ውስጥ መንገደኛ ሳገኝ ለእቴቴ ልልክ የገዛሁት ሻሽ አለ፣ እሷ ጭን ላይ። ልነግራት ፈለግሁ፣ ተዪው፣ አውቄአለሁ ልላት። ግን አሳዘነችኝ፤ ደግሞም እኔ ዛሬ ካልተናገርኩ በዚህ አገር እቴቴን ማን ያውቃታል? ስለዚህ እየሳቅሁ ነገርኳት፤ የዳመናን ነገር፣ የአህያ ነጂውን፣ ግማሹን ባና፣ ደግ ያልሆነ ሬሳ አላየሁም ማለቷን፣ ጥርስ ሳይኖራት ንፍሮ በድንጋይ ደቁሳ መብላቷን። ባቡሩ ሲቆም ብርቄ እያለቀሰች ነበር፣ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ያገራችን ልጆች፣ ሾፌሮቹ፣ በጋራ በተከራዩት ክፍል ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ደረጃው ላይ ቆመዋል፣ ሴቶቹ ገና ስገባ ግራና ቀኝ ያዙኝ። ከሁላችን ቀድማ ዶሃ የገባችው እትዬ ዘነቡ፣ “ትርንጎ እህቴ፣ እቴቴ የሺ አርፋለች፤ አርባዋ ሊወጣ ነው” አለችኝ። ሳውቀው የከረምኩት ነገር አዲስ ሆኖብኝ በያዙኝ ክንዶች ላይ ተደፋሁ። ጎረቤት እንዳይሰማ አፋችንን በነጠላ ይዘን አለቀስን። የማን ሙሾ አልነበረም በቃሌ ያለው፣ የስንት መንደር ሙሾ! ለእሷ ግን አንዲት ስንኝ አልመጣልኝም፤ ማን በጆሮዬ ይንገረኝ?

ብርቄ ናት የተነሣችው። ግጥም አታውቅም፣ ሙሾ ሰምታ አታውቅም። ከግድግዳው ተደግፋ፣ እያነባች፣ ባቡር ላይ የነገርኳትን አንድ በአንድ ተናገረች፤ ባናውን፣ ዳመናን፣ አህያ ነጂውን፣ ንፍሮውን። ቤት አልመታላትም፣ ከዚያ ሁሉ ግን አንዱንም አልረሳችም። ከልቤ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

በኋላ ደሴን ስጠይቀው ጎንደር ላይ ለእሷ ያለቀሰ አልቃሽ እንዳልነበረ ነገረኝ፤ የቀሩ የሉም፣ አሁን በድምፅ ማጉያ መዝሙር ይከፈታል አለኝ። ተራራው አለ፣ ግንቡም አለ፣ ሰውም ይሞታል፤ ዳገቱ ሥር ቁጭ ብላ የበሬውን ስም የምትጠይቅ ግን የለችም። እኔም ያ ሁሉ የያዝኩት እያደር እየሸሸኝ ነው፤ በቀደም የእንጉዳይን እናት ስም ባስበው ባስበው ጠፋኝ።

ስምንተኛውን አባያ ሰቀልኩ። ካውያው ገና አልበረደም። ከአልጋዬ ሥር ሻንጣዬን ስቤ የእቴቴን ሻሽ አወጣሁ፣ መታጠፊያው መስመር ሠርቶበታል፤ በደንብ ተኮስኩትና እንደነበረው አጣጥፌ መለስኩት።