አባቴ ዝፈን ያሉበት ቀን

ትናንት ከፀዳ ገበያ ወደ ከተማ ስመጣ የባጃጁ ሾፌር ቀረርቶ ከፍቶ ነበር። ግጥሙ አዲስ ነው፤ ዜማው ግን የልጅነቴ ነው፤ ባጃጇ ጉድጓድ በመታች ቁጥር እየተቆረጠ ሲቀጥል እጄ ብሩን እንደጨበጠ ቀረና መውረጃዬን አለፍኩት።

አባቴ በሰፈራችን ደብር አቋቋም የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ዘፈን የሰይጣን ግብዣ ነው የሚሉ ሰው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አያ አለሙ ግን ራዲዮ ነበራቸው፤ ጠዋት ጠዋት ባትሪ ድንጋዩን ካቡ ላይ ፀሐይ ያሞቁና እስከ ጥጉ ድረስ ይከፍቱታል፤ ራዲዮ ደግሞ አጥር አያውቅም። አባቴ ፊታቸውን አዙረው ዳዊት ሲደግሙ የእግራቸው ጣት ምቱን ሲመታ እያየን፣ እኔና እናቴ ሳቃችንን በነጠላ እናፍን ነበር። የፍቅር ዘፈን ጠፍቶ የሰልፍ ዜማና ቀረርቶ ሲበዛ ግን ቀድመው የሚነቁትም እሳቸው ነበሩ። እናቴን ጠርተው «ዘፈኑ ተለወጠ፤ እህል አስገቢ» ይሏታል። ተሳስተው አያውቁም።

ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ዲያቆን ነበር። እንጨት ሲፈልጥ የማትለየው አንዲት ዘፈን ነበረችው፤ ከወንዝ ማዶ ስላያት ልጅ የምታወራ። አባቴ በሰሙት ቁጥር ጀርባውን በመቋሚያ ያቀምሱታል፤ እሱም ጀርባውን እያሻሸ በፉጨት ይቀጥላል።

ኋላ ጦርነቱ ሲቃረብ ከአያ አለሙ ግቢ ከጠዋት እስከ ማታ ያው አንድ ቀረርቶ ይመጣ ጀመር። ይርጋም አንድ ቀን እንጨቱን በዚያ ምት ሲፈልጥ አባቴ ዳዊታቸውን አጥፈው ወጡ። መቋሚያውን አልያዙም።

«ምነው ልጄ፣ ያችን ሸጋዋን ዝፈናት እስቲ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉት። መሪጌታው አባቴ ዘፈን ሲለምኑ!

ይርጋ አንገቱን ደፋ። «አባዬ፣ እሷ አሁን አትመጣልኝም» አለ።

በሳምንቱ ከጓደኞቹ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ያንኑ ቀረርቶ እያቅራራ ሄደ። መርዶው ዘግይቶ መጣ፤ ሬሳው ጭራሽ አልመጣም። አባቴም ከዚያ ወዲያ የአያ አለሙ ራዲዮ ሲከፈት ጋቢያቸውን ጆሯቸው ላይ ይጠመጥሙ ነበር።

ዘፈን ዘመንን ይከተላል ይላሉ አዋቂዎች። እኔ ያየሁት ግን ዘፈኑ ከፊት ሲሄድ፣ ልጆች ከኋላው ሲከተሉት ነው። አገሬን በዘፈኗ ካወቅኳት ጀምሮ፣ ያ ቀረርቶ ግጥሙን እየቀየረ ሦስቴም አራቴም ተመልሶ መጥቷል፤ የሄዱት ልጆች ግን አልተመለሱም።

ትናንት ቤት ስገባ የመጨረሻ ልጄ በረንዳው ላይ ጫማውን እያጠበ የባጃጁን ዜማ ያንጎራጉራል። አባቴ አፌ ውስጥ የገቡ ይመስል፣ የፍቅር ዘፈን ዝፈንልኝ አልኩት። ሳቀብኝ።

«የትኛውን እማዬ? እኔ እንጃ፣ አላውቅም» አለ።

እንግዲያው የአጎትህን ላስተምርህ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያዋ ስንኝ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ። ቀረርቶውን ከነአዝማቹ አንድ ቃል ሳልስት አውቀዋለሁ። ልጄ ጫማውን አጥቦ ፀሐይ ላይ እስኪያሰጣ ድረስ ቆሜ ያችን ዘፈን ፈለግኳት፤ ለእኔም አልመጣችልኝም።