በዱቄት የተቀባው ሞተር

ልጅ እያለሁ አባቴ የማይጠረጥረው ነገር አልነበረም። ወተት ሲገዛ አሽትቶ፣ ጣቱን ነክሮ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ካላየ አይከፍልም። በርበሬ ሲገዛ ሸክላ ተፈጭቶበት እንዳይሆን በመዳፉ ያሸዋል። እናቴ ከእሱ ጋር ገበያ መሄድ ስለምታፍር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የወረታን ገበያ አብሬው የምዞረው እኔ ነበርኩ። ሥራው የከብት ሕክምና ነው፤ ሰው ሁሉ «ሐኪም» ይለዋል። ገበሬው በሬው ምን እንደበላ ቢነግረው እንኳ አያምንም፤ የበሬውን አፍ ፈልቅቆ ያሸታል። ምናልባት ጥርጣሬውን ያመጣው ሥራው ይሆናል። የታመመች ላም የት እንደሚያማት ስለማትናገር፣ ሁሉን ነገር በእጁ ዳብሶ ማወቅ ለምዶ ነበር።

ያለ ጥርጣሬ የሚወደው ነገር ቢኖር ሞተር ሳይክሉን ነው። ከጨረታ የገዛው ቀይ ሞተር ነበር። ክረምት ሲገባና የፎገራ ሜዳ ሐይቅ ሲመስል፣ ወደ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ግማሹን መንገድ እየነዳው ግማሹን እየገፋው ይሄዳል። ማታ ሲመለስ የጭቃ፣ የሩዝ ማሳና የከብት መድኃኒት ሽታ አብሮት ይገባል። እኔ ከፓራፋንጎው ሥር የተጠቀጠቀውን ጥቁር ጭቃ በእንጨት እየፈለፈልኩ አወጣለሁ። ያ ጭቃ ጎማውን አላዞር እስኪል ድረስ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ ሸክላ ነው። እሱ ውስጥ ተቀብሮ የከረመ ብረት መስከረም ላይ ዝገቱ ለብቻው ነው።

በየዓመቱ ሞተሩን የሚቀባልን ጋሽ ደሴ ነበር። ጋሽ ደሴ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነው። የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ የብረት በር ይቀባል፣ ከዓመት በዓል በፊት ደግሞ በረንዳችን ላይ ማዳበሪያ አንጥፎ የእኛን ሞተር በስፕሬይ ይነፋዋል። ያ የቀለም ሽታ ለእኔ የእንቁጣጣሽ ሽታ ነበር። ለአባቴ ብሎ ዋጋውን በጣም ያረክሰዋል። ታዲያ ጥር ሳይገባ ቀለሙ እዚህም እዚያም ያብጣል፣ በጥፍር ሲነኩት ይላጣል። ትልልቁን ልጣጭ ሳይሰበር ማንሣት ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ አባቴ ግን ባየው ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል።

አራተኛ ክፍል እያለሁ ሰለሞን የሚባል ወጣት ከአዲስ አበባ መጣ። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ግቢ ተከራይቶ፣ የሞተርና የባጃጅ ዕቃ በዱቄት ቀለም እቀባለሁ አለ። ቀለሙ ፈሳሽ አይደለም። እንደ በሶ የላመ ዱቄት ነው፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይጣበቅና ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። ምድጃውን ከላሜራ በያይዶ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ዘርግቶበት፣ ራሱ ነው የሠራው። ከተማው ወዲያው «ዱቄቱ» የሚል ስም አወጣለት። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ በቆርቆሮው ቀዳዳ እናጮልቃለን፤ አንዱ «አጥንት ነው የሚፈጨው» ሲል ሌላው «ሞተሩን ጋግሮ ሌላ ሞተር ያወጣል» ይላል። ትልልቆቹም ቢሆኑ ከእኛ ብዙ አይሻሉም ነበር።

አባቴ እኔን አስከትሎ ሄደ። ሰለሞን የጠራለት ዋጋ ጋሽ ደሴ ከሚጠይቀው ሦስት እጥፍ ይበልጣል።

«ምኑ ነው ሦስት እጥፍ? ወርቅ ነው የምትቀባው?» አለው አባቴ።

«ሐኪም፣ ቀለሙ ብቻ አይደለም» አለ ሰለሞን። «መጀመሪያ የድሮውን ቀለምና ዝገት በአየር ግፊት በሚረጭ አሸዋ አጥቤ ብረቱን ራቁቱን አስቀረዋለሁ። ከዚያ ነው የምቀባው፣ ከዚያ ነው የምጋግረው። የእርስዎ ሞተር ላይ አሁን ቀለም በቀለም ላይ ነው የተደረበው፤ የሚላጠውም ለዚያ ነው።»

አባቴ ትቶት ወጣ። ከቀናት በኋላ ግን የሞተሩን የእግር መርገጫ ብቻ ፈትቶ ሰጠው፤ ለፈተና መሆኑ ነው። ዕቃው ጥቁርና አንጸባራቂ ሆኖ ሲመለስ አባቴ በመዶሻ መታው። ጨው በበጠበጥንበት ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፈው። አውጥቶ ጓሮ፣ ረግረጉ ውስጥ ቀበረው። እኔም ከትምህርት ቤት በተመለስኩ ቁጥር «ቆፍረሽ አውጪው እስኪ» እባላለሁ። አጥቤ ሳመጣለት በጥፍሩ ይፍቀዋል፣ ያሸተዋል፣ ፀሐይ ላይ ያዞረዋል። ምንም አልሆነም። አለመላጡ ራሱ ሳያስጠረጥረው አልቀረም፤ «ለማሳያ አሳምሮ ሠርቶት ይሆናል» አለና እንደገና ቀበረው።

በመጨረሻ ሞተሩን በረንዳው ላይ ፈታታው። ሻንሲውን፣ ፓራፋንጎዎቹንና ቸርኬዎቹን ለመስጠት ቆረጠ። ከመስጠቱ በፊት ግን እያንዳንዱ ዕቃ ላይ፣ የማይታይ ቦታ ፈልጎ፣ በሚስማር ትንሽ መስቀል ጫረ። «እንዳይለውጥብን ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። ምስጢር ስለተሰጠኝ ኮራሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰለሞንን በመንገድ ሳየው ሌባ ይመስለኝ ጀመር። ሲስቅ ምን እንደሚያስቀው፣ ሲያፏጭ ለማን እንደሚያፏጭ እጠረጥራለሁ።

ሥራው ዘገየ። ሰለሞን «መብራት ይጠፋል፣ ግማሽ የተጋገረ ቀለም አይይዝም» ይላል። እውነትም መብራት ይጠፋ ነበር። አባቴ ግን መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ልብ ማለት ጀመረ፤ «ትናንት ከሰዓት እኮ ነበረ» እያለ ያጉረመርማል። እሱ እስከዚያው በየቀበሌው በእግሩ ነው የሚዞረው፤ መንገድ ላይ አይሱዙ ካገኘ ይሳፈራል። አንድ ቀን ዘግይቶ ደርሶ የአንድ ገበሬ ጥጃ ሞተችበት፤ ያን ዕለት ምሳውን ሳይቀምስ ዋለ። ገበያ ላይ ደግሞ አንዱ «ዱቄቱ የሞተር ዕቃ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲልክ አይቻለሁ» ብሎ ነገረው። የማን ዕቃ እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ለአባቴ ግን በቂ ነበር።

ወዲያው እጄን ይዞ ወደ ቆርቆሮው ግቢ አመራ። ሻንሲው በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ቀይነቱ የለም፤ ሥጋው እንዳለቀ አጥንት ግራጫ ሆኗል። አባቴ ከሥሩ አጎንብሶ መስቀሉን ፈለገ፣ በጣቱ ዳበሰ፣ እኔንም «አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው፣ እይ» አለኝ። አየሁ። መስቀል የለም።

«ይሄ የእኔ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ መንገድ ድረስ ስለተሰማ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። «ዕቃዬን ሸጠህ የወደቀ ብረት ነው የሰቀልህልኝ!»

ሰለሞን ደነገጠ። ምልክት እንደነበረው ሲሰማ «በሚስማር ከሆነ የጫሩት ቀለሙን ነው፤ አሸዋው ከቀለሙ ጋር ወስዶታል» አለ። ከዚያ መሪው ከሚገባበት አንገት በታች ጠቆመ። «እኔም እርስዎን ልጠራ ነበር። እስቲ ይህን ይዩት።»

ብረቱ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ የጸጉር ያህል ቀጭን ቢሆንም የአንገቱን ግማሽ ይዞራል።

አባቴ የባሰ ነደደ። «አንተ ነህ የሰበርኸው! በአሸዋህ ሰብረህ ደግሞ ማሠሪያ ልትጠይቀኝ ነው!»

ሰለሞን ከመደርደሪያ ላይ አንድ ቁራጭ ነገር አንሥቶ አባቴ መዳፍ ላይ አኖረው። የደረቀ ስቱኮ ነበር። ባንድ ወገኑ ቀይ ቀለም አለበት፤ በሌላው ወገን የስንጥቁ ቅርጽ ታትሞበታል። ስንጥቁ አስቀድሞ ነበረ፤ አንድ ሰው በስቱኮ ደፍኖ ቀብቶበታል። አባቴ ቁራጩን ስንጥቁ ላይ ሲገጥመው ልክክ አለ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ሞተሩን የቀባው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሄደን ስናገኘው ጋሽ ደሴ ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት መሰላል ላይ ቆሞ ይጽፍ ነበር። አባቴ ከሥር ሆኖ ቁራጩን አሳየው። «ደሴ፣ ይሄን ደፍነህ ነው በላዩ የቀባህብኝ? በዚህ ላይ እኮ ልጄን ከፊት ሚስቴን ከኋላ አድርጌ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ ወስጃለሁ!»

ጋሽ ደሴ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ አስገብቶ ቀስ ብሎ ወረደ። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ልጅ ባለችበት መናገር የከበደው መሰለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ረሳኸው፣ ሐኪም?» አለ። «አሳየሁህ እኮ። በያጅ ይየው አልሁህ። አንተ ነህ ‹ሰኞ ክትባት አለብኝ፣ ሙላልኝና ቀባልኝ፣ በኋላ አሠራዋለሁ› ያልኸኝ። በበነጋውም ጠይቄሃለሁ።»

እኔ አባቴን ቀና ብዬ እያየሁት «ውሸቱን ነው» እስኪል ድረስ ጠበቅሁ። አላለም። ቁራጩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው። ረስቶት እንደነበረ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ዕለት ከፊቱ ላይ ያነበብኩት ግን መርሳት አልነበረም። ወተቱን፣ በርበሬውን፣ የሰውን ሁሉ ቃል የሚመረምር ሰው፣ አንድ ነገር ብቻ ሳይመረምር እንዲያልፍ ለራሱ ፈቅዶ ነበር።

ቤት እንደገባን ለእናቴ ሳይደብቅ ነገራት። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነችና «ታዲያ ያን ሁሉ መንገድ ቀለም ላይ ነው የተቀመጥነው በለኛ!» አለችው። እሱ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ሻንሲው በበያጅ ተሠራ፣ ተቀባ፣ ተጋገረ። ጋሽ ደሴ ራሱ መጥቶ ብየዳውን አየው። አባቴ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይከራከር ሲከፍል ሳየው፣ የታመመ መስሎኝ ፈራሁ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው ጨርሶ አልሞተም፤ አንድ ጊዜም ትክክል ሆነ። በሚቀጥለው ክረምት የኋላው ቸርኬ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። አባቴ ቸርኬውን ተሸክሞ ሄዶ፣ በሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፁ፣ «ይሄስ?» አለው። ሰለሞን አገላብጦ አየና «ይሄ መብራት የጠፋብኝ ጊዜ የገባው ነው፤ በደንብ አልበሰለም። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ያለ ዋጋ እንደገና ሠራው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ ሰለሞን ክፉ ሲወራ ከሰማ «ሥራውን አይተኸዋል?» ብሎ ይቆጣ ነበር። የቀረው ዕቃ ያን ሜዳ፣ ያን ጭቃ ለዓመታት ቻለው። ሰለሞን ግን ከመብራቱ ጋር ሲታገል ከርሞ፣ ምድጃውን መኪና ላይ ጭኖ ሄደ።

ዛሬ እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከእናቴ ጋር እዚያው ወረታ አለ፤ ድምፁ አንሷል፣ ጆሮውም እንደ ድሮው አይደለም። ያኔ ገና ያልተወለደው ወንድሜ ሞተር ይነዳል። ባለፈው ዓመት ዕቃውን እዚሁ ባሕር ዳር አስቀባ፤ ዋጋውን የተስማማው በስልክ፣ ሥራውን ያየው በፎቶ፣ የከፈለውም በስልክ ነው። ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። ወንድሜ ለጓደኞቹ ሁሉ «ሌባ ነው፣ እንዳትሄዱ» ብሎ ላከና ሌላ ቤት ፈለገ። ወረታ ቤት ተሰብስበን ሳለ አባቴ ይህን ሲሰማ «ሄደህ ነገርኸው?» አለው። «ምን ያደርጋል አባዬ፣ ሌላ ሞልቷል» አለው ወንድሜ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ቤቱን አሳዪኝ» አለኝ።

ፓራፋንጎውን በፌስታል ይዘን ባሕር ዳር ሄድን። ባለሙያው ልጅ እግር ነው። አባቴ በዚያች በደከመች ድምፁ «ይሄስ፣ ልጄ?» አለው። ልጁ ተቀብሎ አገላበጠው፣ ፊቱ ቀላ። «አባባ፣ ተላጠ ብሎ ተመልሶ የመጣልኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለ። «ሌላው ዝም ብሎ ይቀራል። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ሰው ራቀኝ።»

ልጅ ሆኜ አባቴ መንገድ ላይ ሲጮህ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ወደ ወረታ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ሲያንቀላፋ እያየሁት፣ ያ የደብረ ታቦር መንገድን የሞላ ድምፁ ናፈቀኝ።