የዶርካስ ጥቁር ጣቶች

ዶርካስ ፒኖክን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አላመንኳትም። የዴፕትፎርድ ገመድ ሠሪ ልጅ ናት፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ለንደን መጥታ እኔ ወጥ ቤት በምሠራበት በወይዘሮ ተርሎ ቤት ተቀጠረች። ጠዋት ጠዋት የሳሎኑን ምድጃ ብረት በጥቁር ቅባት ታሻለች፤ ከሰዓት በኋላ ለእመቤታችን መጽሐፍ ታነባለች። ዝምተኛ ነበረች። ዝምተኛ ሰው ደግሞ የሆነ ነገር ሳይደብቅ አይቀርም፣ እንዲያ ነው የማስበው።

በአንድ የመከር ወራት ከተማው ስለ አንድ አዲስ መጽሐፍ ብቻ ያወራ ጀመር። የፊት ገጹ «አንዲት የቤት አገልጋይ በገዛ እጇ የጻፈቻቸው እውነተኛ ደብዳቤዎች» ይላል። ያን ጊዜ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ከራሴ ፈጠርኩት ቢል ማን ይገዛዋል? እኛ ግን ይህን የት አውቀን።

ዶርካስ ጮክ ብላ ስታነብ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው እመቤት ጥርሷ ሰው ሠራሽ ሆኖ ተገኘ። ባልየውም ልክ እንደ እኛው ጌታ እንግዳ ሲመጣ ወይኑን በውሃ ያቀጥናል። እመቤታችን አፋቸውን በመሀረብ ሸፈኑና ወደ ወጥ ቤት ወረዱ።

«ጁዲት፣ ይቺ ልጅ ስትጽፍ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«ስትጽፍ እንኳ አላየሁም፣ እመቤቴ። ጣቷ ላይ ግን ቀለም አይጠፋም።»

ዶርካስ ተጠራች።

«ማንበብ እንጂ መጻፍ አልችልም» አለች። «የሰበካው ትምህርት ቤት ለድሃ ሴት ልጅ ብዕር ምን ያደርግላታል ብሎ አላስተማረንም።»

ብዕር ሰጧት። መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፋንታ እንደሚያደርገው አንድ የተንጋደደ መስቀል አሰመረች።

«አየሻት ስታስመስል?» አሉኝ።

«አያድርስ ነው» አልኩ እኔም።

«እሺ፣ ያባርሩኝ» አለች ዶርካስ። «የምስክር ወረቀቴን ግን አይከልክሉኝ። ያለሱ የትም ቤት አይቀጥሩኝም።»

«አንቺው ጻፊዋ። ጸሐፊ አይደለሽ?»

ስትወጣ ወደ እኔ ዞር አለች። «እትዬ ጁዲት፣ እርስዎ እኮ ጠዋት ጠዋት ስሠራ ያዩኛል።» ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ምትክ እስኪገኝ ምድጃውን እኔ ማሸት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቼን አየኋቸው። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር በሳሙና ብፈትገው አልለቅ አለ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ራሴን ጠላሁት። ለእመቤታችን ግን አልነገርኳቸውም። የእኔም የምስክር ወረቀት በእጃቸው ነው።

የገና በዓል ሲደርስ የመጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ ወጣ፤ እመቤታችንም ራሳቸው አነበቡት። አገልጋይዋ ጌታዋን አግብታ፣ ሐይቅ ባለው ግቢ በጀልባ ትንሸራሸራለች። እኛ ቤት ያለው አንድ የውሃ በርሜል ነው። አሁንስ ስህተታቸው ይገባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«አየሻት ውሸታሟን?» አሉ። «የምን ሐይቅ ነው የምታወራው?» ገጹን ወደ ኋላ ገለጡ። «ደግሞ ካባረርኳት በኋላ እራት ላይ ያልኩትን ጽፋለች። ማን ነገራት?»

ሻዩን ሳቀርብ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

«ጁዲት፣ ጣትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«የምድጃ ቅባት ነው፣ እመቤቴ» አልኩ።

አላመኑኝም።