የኦቦ መገርሳ የማለዳ ዙረት

ኅዳር 2008 ነበር። ወይስ ታኅሣሥ ገብቶ ነበር? «ኅዳር ነው» ትላለች ሲስተር ጣቢታ ለራሷ፤ ወዲያው ደግሞ «ኧረ አይደለም» ትላለች። በዓል ቆጣሪ ብትሆን በታቦት ታስታውሰው ነበር። እሷ ግን ከሆሳዕና መጥታ ሱሉልታ በነርስነት የተቀጠረች የወንጌል አማኝ ናትና፣ የምታስታውሰው ገብሱ መታጨዱን፣ የጎጃም መንገድ በተቃውሞው ሰበብ በድንጋይ መዘጋቱንና ኦቦ መገርሳ በዚያው ቀን በእግራቸው ጤና ጣቢያ መምጣታቸውን ነው።

«ራሴን ያዞረኛል» አሉ። የደም ግፊታቸው ያስደነግጥ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከበሬ ኋላ የሄዱ ሰው፣ መሬታቸው ለባለሀብት ተሰጥቶ በቆርቆሮ ከታጠረ ወዲህ ከደጃፋቸው በርጩማ አልተነሡም። ባለሀብቱ አንድ ድንጋይ እንኳ አላኖረበትም፤ ሣሩ ብቻ ሳይታጨድ ወገብ ደርሷል።

ጣቢታ መድኃኒት ሰጥታቸው፣ «ጨው ይቀንሱ። በየማለዳው ደግሞ ላብ እስኪያልብዎት ይራመዱ፤ አለዚያ አንድ ቀን ግማሽ ጎንዎ አልታዘዝ ይላል» አለቻቸው።

«የት ልሂድ?»

«የትም። ዝም ብለው ይራመዱ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ እኛ ዘንድ ጉዳይ ሳይኖረው የሚዞር እብድ ነው፣ ወይ ከብት የጠፋበት ነው።»

«በየማለዳው በአስፋልቱ ዳር የሚለማመዱት ሯጮችስ?»

«እነሱማ ሜዳሊያ አላቸው። እኔን ማን ይሸልመኛል?»

«የልጅ ልጅዎን ሠርግ ማየት ሽልማት አይደለም?»



ሳምንት ሳይሞላ መራመድ ጀመሩ፤ እንደ ሯጮቹ በአስፋልቱ ዳር ሳይሆን በታጠረው መሬታቸው ዙሪያ። ገና ጎህ ሲቀድ ዱላቸውን ይዘው ቆርቆሮውን ተከትለው ይዞራሉ። ያገኛቸው ሁሉ፣ «አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ መገርሳ! ምን ጠፋብዎት?» ይላቸዋል።

«መሬት» ይላሉ፣ ሳይቆሙ።

በዚያ ሰፈር ከብት የጠፋበትን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ ጥቂት አብሮ መፈለግ ግድ ነው። መጀመሪያ አንድ ጎረቤት እየሳቀ አብሯቸው ዞረ። ቀጥሎ የእሱ አማች። የገና በዓል ሲደርስ ግማሹ የሰፈር ሽማግሌ ቆርቆሮውን የሚዞር ሆነ። ማንም አይጮህም፣ ማንም ድንጋይ አያነሣም፤ የሚሰማው ዱላና ሳል ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ደግሞ ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ ስብሰባ ነው። የከተማው አስተዳደር ሹም አቶ ይገዙ ከጽሕፈት ቤታቸው ተነሥተው ጣቢታ ክፍል ድረስ መጡ።

«ሲስተር፣ ሰውየው ‹ሐኪም ናት ያዘዘችኝ› ይላሉ። ተዉ በያቸው። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ በአንቺ ነው።»

ጣቢታ ከዚያ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ፣ በዚያ ከተማም ዘመድ የላትም። ግን ሽማግሌው ተመልሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጡ ታያት፤ አፋቸው ተጣሞ፣ አንድ እጃቸው እንደ ሌላ ሰው እጅ ተንጠልጥሎ።

የግፊት መለኪያውን አንሥታ ፊታቸው አኖረችላቸው። «አቶ ይገዙ፣ እርስዎ ግፊታቸውን ያውርዱልኝ፤ እኔ ትእዛዙን አነሣለሁ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ፤ የእርስዎም ፊት ቀልቷል።»

ክንዳቸውን አልሰጡም። በሩን ሳይዘጉ ወጡ።

ጥር ላይ በተነሣ ግርግር ቆርቆሮው ወደቀ። ማን እንደጣለው የሚናገር የለም። በማግስቱ ወታደር የጫነ መኪና ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ኦቦ መገርሳ በቀጠሯቸው ከች አሉ። ጣቢታ ለካቻቸው፤ አላመነችም፤ ደግማ ለካቻቸው። ግፊታቸው ወርዷል።

«ዛሬም ዞሩ?»

«ሐኪም ያዘዘውን ማን ይጥሳል?»

ብድግ ሲሉ ዓይኗ ሱሪያቸው ላይ አረፈ። የአጥሩ ዙሪያ ኮረኮንች ነው፤ ከአቧራ በቀር ልብስ ላይ የሚጣበቅ ነገር የለውም። የእሳቸው ሱሪ ግን እስከ ወገቡ የዚያ ያልታጨደ ሣር ደረቅ ፍሬ ተጣብቆበታል።

«ኦቦ መገርሳ፣ ዛሬ የዞሩት...» ብላ ቀና ስትል ከክፍሉ ወጥተዋል። ጥቂት ቆይታ በመስኮቱ አየቻቸው፤ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በወታደሮቹ መኪና ፊት ለፊት አስፋልቱን እያቋረጡ ነበር።