ጌዶ ገበያ ያስደነበርነው በሬ

ማለዳ አምቦ መናኸሪያ ስንደርስ እኔ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የወንጌል ስርጭት ኮሚቴ ጌዶ ገበያ ሄደን እንድንሰብክ ልኮናል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ባልደረባዬ ገመቹ ድምፅ ማጉያውን የሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪሺያን ነው። ስብከቴ ኢየሱስ በተራራና በባሕር ዳር በአደባባይ ስለማስተማሩ፣ ደቀ መዛሙርቱንም ወደ ዓለም ሁሉ ስለመላኩ ነው። ገመቹ ተረጋጋ ቢለኝም ከንፈሬ ሲያነበንብ ነበር።

የሚኒባሱ ረዳት ድምፅ ማጉያውን አይቶ "ይሄ የሰው ቦታ ይይዛል፤ የአንድ ሰው ይከፈላል" አለ። ተከራከርኩት፤ ግን ከፈልኩ።

ጉደር ላይ ቲማቲም ለማውረድ ቆምን። ሰዉ ሻይ በዳቦ ሲቀምስ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከዚያ ዳገቱን ስንያያዘው ብርዱ በመስኮት ገባ።

ጌዶ፣ የከብት ተራ

ከከብት ተራው አጠገብ ያለችውን ጉብታ መረጥኩ። ጌታም ከፍ ካለ ቦታ አስተምሯል ብዬ ነው። ገመቹ ማጉያውን ሲከፍተው ጆሮ የሚበሳ ድምፅ አወጣ። ወዲያው ከታች አንድ ዳልቻ በሬ ደነበረ። አንድ ገዢ ዕድሜውን ለማወቅ ጥርሱን እያየ ነበር። በሬው ባለቤቱን በገመድ እየጎተተ የጌሾ ሻጮችን ተራ ጥሶ ሄደ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

ሮጬ ስደርስ ገዢው ልብሱን እያራገፈ "ደንባሪ አልገዛም፤ በግማሽ ዋጋ ከሆነ እሺ" ይላል። ባለቤቱ ኦቦ ደቻሳ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው አምቦ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላታል፤ በሬው የሚሸጠውም ለእሷ ነው። ከዛሬው ሌላ ከቀጠሮዋ በፊት የቀረው አንድ የገበያ ቀን ብቻ ነው።

"ጥፋቱ የኛ ነው፤ በሬው ጨዋ ነው!" አልኩት ገዢውን።

"አብረኸው አርሰሃል?"

"አይ..."

"እንግዲያው ምኑን አወቅከው?" ብሎ ሄደ።

እዚያ አገር ስለ በሬ ጠባይ መስክሮ የሚታመነው አብሮ ያረሰ ጎረቤት ነው። የኦቦ ደቻሳ ጎረቤት በዚያን ቀን ታሞ ቀርቷል። እኔ ከአምቦ የመጣሁ እንግዳ ምን ዋጋ አለኝ?

ገመቹ ማጉያውን ነቀለ። ኦቦ ደቻሳ ለስንቅ ከያዙት ጭኮ ቆርሰው ለሁለታችንም ሰጡን። እንደዚያ አድርገናቸው መብላቱ አሳፈረኝ፤ ግን ርቦኛል፣ በላሁ።

"ባርሲሳ፣ ኢየሱስም ገበያ መሀል እንዲህ ይጮህ ነበር?" አሉኝ፤ ባርሲሳ መምህር ማለት ነው።

"በአደባባይ ያስተምር ነበር፣ ኦቦ።"

"እሱንማ አውቃለሁ። እንዴት ነው ያስተማረው? ነው የምልህ።"

ማብራሪያዬን ልጀምር ስል ራሴው ቆምኩ። ተራራው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጀልባዋም ላይ ተቀምጦ። ሰዎቹ ተከትለውት የመጡ ናቸው፤ እሱም በየቤታቸው ገብቶ በልቷል፣ በሽተኞቻቸውን ዳስሷል።

"ተቀምጦ ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ አንተም ተቀመጣ!"

ከጎናቸው ተቀመጥኩ፤ ገበያው እስኪበተን በሬው የታሰረበትን ገመድ ያዝኩ። ብዙ ገዢ መጣ። ሁሉም ወሬውን ሰምቷል፤ በግማሽ ዋጋ እየጠየቁ አለፉ። ኦቦ ደቻሳ በሬውን ነድተው ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ፤ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

አምቦ

ስመለስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ሊቀመንበሩ "ስንት ሰው ሰማ?" አለኝ።

"ገበያው በሙሉ ሰምቷል" አልኩ። እልል አሉ፤ እልልታው ሳያልቅ ስለ በሬው ነገርኳቸው። አንዱ "ሰይጣን ሥራችንን ሊያደናቅፍ ፈልጎ ነው" አለ። ተናደድኩ፤ ማጉያውን የከፈትነው እኛ ነን። "ሂዱና አስተምሩ" የሚለውን ስንት ዓመት ስሰብክ "ሂዱ" የሚለውን የሚኒባስ ጉዞ ብቻ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ላይ ነው። ነገ ወደ ኦቦ ደቻሳ ቀበሌ እሄዳለሁ። እርፍ ጨብጬ አላውቅም፤ እንደሚስቁብኝም አውቃለሁ። የሚቀጥለው ገበያ እስኪደርስ ግን ከዚያ በሬ ጋር አርሳለሁ፤ ገዢው ሲጠይቀኝ "አዎ" እንድለው።