ንቦቹን ማን አያቸው?

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ፣ ከቀፎዬ አፍ ቢጫ የንብ ኩስ ተዝረክርኮ አየሁ። ልጅ ሆኜ፣ ቢቸና ባደግሁበት ቤት ጣሪያ ሥር አባቴ በሰቀላቸው ቀፎዎች ላይ ያየሁት ያው ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዝናቡ አላባራ ብሎ ንቦቹ ታፍነው ከረሙ። ፀሐይ ብልጭ ስትል ቢወጡም መብረር አቅቷቸው፣ ሆዳቸው ተነፍቶ ጭቃው ላይ ይድሁ ነበር። ቀፎው ማር ማር መሽተቱን ትቶ ይኮመጥጥ ጀመር። አባባ በሶ ቢነሰንስላቸው፣ ወይራ ቢያጥንላቸው ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

«ማን ነው ያያቸው?» አለ አንድ ቀን።

እኔ አፌ ይቆረጥ፣ ቀደም ብዬ «እትዬ ዘውዴ! ‹እንዴት ያምራሉ!› ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩ። እትዬ ዘውዴ ሸክላ የሚሠሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ሸክላ ሠሪ ያኔ በቡዳነት ይታማ እንደነበር የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ ንቦቹን አድንቋል፤ እኔ የጠራሁት ግን ጭቃ ቆንጥረው እየሰጡ ትንንሽ ድስት መሥራት ያስተማሩኝን ሴት ነው።

በማግሥቱ አባባ የአጥራችንን መሹለኪያ በእሾህ ደፈነው። እናቴ ከእሳቸው ቤት እሳት መጫር ተወች። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰና ድስታቸውን የሚገዛ ጠፋ። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ንቦቹ ዳኑ። «አየሽ፣ ከዓይኗ ስንከልላቸው!» አለ አባባ ደስ ብሎት። እትዬ ዘውዴ በዚያው ወር ዕቃቸውን ጭነው ሞጣ ወረዱ።

በዓመቱ ነሐሴ ቢጫው ኩስ ተመልሶ መጣ። አባባ ቀፎውን አየ፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ከዚያ በሶውን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።

ዘንድሮ የመጣው የንብ ባለሙያ፣ ገና ለጋ ልጅ፣ «የአንጀት ጥገኛ ነው እትዬ። ክረምት ንብ ሲታፈን ይብሳል፤ ከእርጥበት ያርቋቸው» ብሎ በሁለት ቃል ጨረሰው። የዛሬ ልጅ በሽታውን ይጠራል፤ እኛ ሰው ነበር የምንጠራው።

አላስችል ቢለኝ ሞጣ ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ አርጅተዋል፣ ግን አወቁኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ «የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ልጅ ነበርሽ፣ ተነሽ» አሉ ራሴን እየዳበሱ። «ለመሆኑ ንቦቹ በዓመቱም ታመሙ?»

«አዎ፣ ታመሙ።»

«እኔም ይታመማሉ ብዬ ነበር» አሉ። «‹ለካ እርስዎ አይደሉም፣ ይመለሱ› ብላችሁ ትልኩብኛላችሁ ብዬ፣ ያ ክረምት እስኪያልፍ ዕቃዬን ሳልፈታ ጠበቅኋችሁ።»