ነቅቶ ለምን እንደነቃ የሚረሳው ኮምፒውተሬ

ዛሬ ድመቴ አኩርፋኛለች። የምትተኛበት ኮምፒውተር ቀዝቅዞባታል።

ኮምፒውተሩ ወንዙ ዳር ከተከልኩት የውሃ መለኪያ በሬዲዮ መልእክት ይጠብቃል። ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ ለጎረቤቴ ለእትዬ ዘውዴ ይደውላል፤ ያሏቸው ሁለት ላሞች የሚግጡት እዚያው ዳር ላይ ነው።

ችግሩ፣ ሁሌ ነቅቶ ሲጠብቅ ባትሪውን ይጨርሳል። ሳስተኛው ደግሞ ሬዲዮውም አብሮት ይተኛል።

ስለዚህ ድራይቨሩን፣ ማለትም ሬዲዮውን የሚያዝዘውን ፕሮግራም አስተካከልኩት። ሬዲዮው ብቻውን ነቅቶ ያዳምጣል፤ መልእክት ሲመጣ ኮምፒውተሩን ይቀሰቅሳል። ትናንት ስሞክረው ኮምፒውተሩ ነቃ፤ ግን አልደወለም።

እትዬ ዘውዴ ቆመው ያዩ ነበር። «ቁርጥ አንተን! መንቃቱንስ ነቃ፤ ለምን እንደነቃ ግን አያውቅ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ድራይቨሩ ገና ሲነሳ ሬዲዮውን እንደ አዲስ ያስጀምረውና መልእክቱን ያጠፋዋል። ዛሬ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት፤ መጀመሪያ የቀሰቀሰውን መልእክት ያነብባል።

እኔም ጠዋት እንዲሁ ነኝ፤ ፊቴን ስታጠብ ያሰብኩት ሁሉ አብሮ ይታጠባል። መንቃት ቀላል ነው፤ የቀሰቀሰንን ነገር ይዞ መነሳት ነው የከበደው።

አሁን ኮምፒውተሩን በወዲያኛው ክፍል አስተኝቼ በስልኬ እየጻፍኩ ነው። በእውነተኛ ውሃ ግን ገና አልተፈተነም። እናንተስ ነቅቶ የሚረሳ ማሽን፣ ወይም ዘመድ፣ ገጥሟችኋል? እስኪ ጻፉ...

ቆዩ፣ በር ተንኳኳ።

እትዬ ዘውዴ ናቸው። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ርሷል፤ ሁለቱም ላሞች ከኋላቸው ቆመዋል።

«ማሽንህ ደወለልኝ። በል ዞር በል፣ ላሞቹን ላስገባ!»